«ያ ክትባት ምን በላው?»

እትዬን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ከእናቴ ጋር ቡና የሚጣጡ፣ በአንድ ዕድር ያሉ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ካወቁ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ስለ እሳቸው ልጻፍ ብዬ ሳስፈቅዳቸው «ስሜን ብቻ ተወው እንጂ የቀረውን ጻፈው» አሉኝ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቤታቸው ስሄድ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ አንድ ጥያቄ አይቀርም።

«አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ እንዴ? ያ ክትባት ምን በላው?»

ባለፈው ስንገናኝ ግን ጥያቄው ከበደኝ። መድኃኒታቸውን በሚወስዱበት ጤና ጣቢያ ለዓመታት የሚያውቋት አማካሪ ድንገት ከሥራ ቀርታለች። «ኮንትራቷ ተቋረጠ አሉ» አሉኝ። ቀጥለውም «እኔስ ክኒኔ አለልኝ፤ ዕድሜም ጠግቤያለሁ። የምጠይቅህ ለዚችኛዋ ነው» ብለው፣ ቄጤማ እየጎዘጎዘች ወደነበረችው የአሥራ አምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

ይህ ጽሑፍ ለእትዬ ያለኝ መልስ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ክትባቱ የዘገየው ሳይንቲስቶቹ ስለሰነፉ አይደለም፤ ብዙ ሰው ቡና ላይ እንደሚያወራው «ኩባንያዎቹ ደብቀውት» ም አይደለም። የዘገየው ጠላቱ ከባድ ስለሆነ ነው። አሁን ግን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ከአርባ ዓመት ልፋት በኋላ መንገዱ ገና መታየት ሲጀምር፣ ገንዘቡ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ተመልካች ብቻ ሆነን ተቀምጠናል። መጀመሪያ ተመልካች አልነበርንም፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ሁለት ዓመት የተባለው

ኤፕሪል 23 ቀን 1984 የአሜሪካ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ሄክለር ጋዜጠኞችን ሰብስበው የኤድስ መንስኤ የሆነው ቫይረስ መታወቁን አበሠሩ። በዚያው መድረክ ላይ ክትባት በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ለሙከራ ይደርሳል አሉ። ያኔ ይህ እብደት አልነበረም። ፖሊዮም ኩፍኝም በክትባት ተረትተዋል፤ ፈንጣጣ ከምድረ ገጽ ከጠፋ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ። በእኛ አገር የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በ1976 ነው።

ችግሩ ኤች አይ ቪ እንደ ፈንጣጣ አለመሆኑ ነው። ፈንጣጣ የያዘው ሰው ወይ ይሞታል ወይ ይድናል፤ የዳነው ዳግመኛ አይያዝም። አያቶቻችን ይህን ከሐኪም በፊት ያውቁት ነበር። ከታመመ ሰው ቁስል ወስደው የጤነኛውን ክንድ እየበጡ ያስገቡለት ነበር። ክትባት የሚለው ቃላችንም ከ«ከተበ» የመጣ ነው፤ ጻፈ እንደማለት። ነገሩም እንደዚያው ነው። የጠላትን መልክ በሰውነት ላይ አስቀድሞ መጻፍ ነው፣ ሰውነት ጠላቱ ሲመጣ እንዲያውቀው።

ለክትባት ሠሪ ትልቁ አስተማሪ ታሞ የዳነው ሰው ነው። ሰውነቱ ጠላትን እንዴት እንዳሸነፈ ታጠናለህ፣ ያንኑ ትቀዳለህ። በኤች አይ ቪ በኩል ግን ይህ አስተማሪ የለም ማለት ይቻላል። የሰው ልጅ ሰውነት ይህን ቫይረስ ብቻውን ተዋግቶ ሲያስወጣው አናይም። ስለዚህ ክትባቱ ተፈጥሮ የሠራውን መቅዳት ሳይሆን፣ ተፈጥሮ ያልሠራውን መሥራት ይጠበቅበታል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሦስት ምክንያት ልቁጠር።

አንደኛ፣ ቫይረሱ መልኩን ይለዋውጣል። በአንድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ያለው የኤች አይ ቪ ዓይነት ብዛት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ከሚዘዋወረው የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ብዛት ጋር ይነጻጸራል። ለኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ክትባት የሚታደሰው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የዚህኛውን ጣጣ ይገምተው።

ሁለተኛ፣ ቫይረሱ ካባ አለው። የውጭ ሽፋኑ ፕሮቲን በስኳር የተለበጠ ነው፤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። ስኳሩ የራሳችን ሴሎች የሚሠሩት ዓይነት ስለሆነ ሰውነታችን «የቤት ሰው ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ሦስተኛ፣ የሚያጠቃው ጠባቂውን ራሱን ነው። ሲ ዲ 4 የሚባሉት ሴሎች የሰውነት መከላከያ አዛዦች ናቸው። ቫይረሱ እነሱ ውስጥ ይገባና ራሱን በሴሉ ዘረ መል ላይ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ለዓመታት መተኛት ይችላል። እትዬ ክኒናቸውን በየቀኑ የሚወስዱት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን እንዳይራባ ያስረዋል፤ ከተደበቀበት ግን አያወጣውም። እናም ክትባቱ የሚሠራ ከሆነ፣ ቫይረሱ ጎጆውን ከመሥራቱ በፊት በር ላይ ሊይዘው ይገባል።

የወደቁት ሙከራዎች

በ2003 የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ውጤት ወጣ፤ አልሠራም። በ2007 የመርክ ኩባንያ ክትባት ሙከራ በአጭሩ ተቀጨ። እንዲያውም ከተከተቡት አንዳንዶቹ ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። ለተመራማሪዎቹ ያ ጥቁር ዓመት ነበር።

በ2009 ከታይላንድ ጭላንጭል ታየች። ከ16,000 በላይ ሰው በተሳተፈበት ሙከራ ክትባቱ በኤች አይ ቪ የመያዝን ዕድል በ31 በመቶ ቀነሰ። ለገበያ የሚበቃ አይደለም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ «የማይቻል አይደለም» አሰኘ። ያንኑ ክትባት ለደቡባዊ አፍሪካ የቫይረስ ዓይነት እንዲስማማ አድርገው ደቡብ አፍሪካ ላይ ከ5,000 በላይ ሰዎች ላይ ሞከሩት። በፌብሩዋሪ 2020 ቆመ፤ አልሠራም። በ2021 በአምስት የአፍሪካ አገሮች 2,600 ገደማ ወጣት ሴቶች የተሳተፉበት «ኢምቦኮዶ» የተባለው ሙከራ ወደቀ። በ2023 መጀመሪያ ወንድሙ «ሞዛይኮ» ወደቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ ይካሄድ የነበረው «ፕሬፕቫክ» ም ክትባት መስጠቱን አቆመ።

ይህን ዝርዝር ሳነብላቸው እትዬ «ታዲያ ምን ተገኘበት?» ነው ያሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

የተገኘበት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የድሮው ዘዴ፣ ማለትም ሰውነትን ከቫይረሱ ፕሮቲን ጋር አስተዋውቆ የመጣውን አንቲቦዲ መጠበቅ፣ ለዚህ ቫይረስ እንደማይበቃ በማያጠራጥር ሁኔታ ታወቀ። ይህን ያወቅነው በብዙ ሺህ ሰዎች ክንድ ነው። ብዙዎቹ የአፍሪካ ወጣት ሴቶች ናቸው። ገንዘብ ሊያገኙበት አይደለም የገቡት፤ በሰፈራቸው ስንት ሰው እንደቀበሩ ስለሚያውቁ ነው። ሙከራ ወደቀ ሲባል የእነሱ ድካም ወደቀ ማለት አይደለም። የተዘጋ መንገድ መዘጋቱን አውቆ ምልክት መትከልም ሥራ ነው።

ከሕመምተኛ ደም የተገኘው ፍንጭ

አሁን ወደ ተስፋው ልምጣ።

ቫይረሱ በደማቸው ካለባቸው ሰዎች መካከል የጥቂቶቹ ሰውነት፣ ከዓመታት ትግል በኋላ፣ የተለየ አንቲቦዲ መሥራት ይጀምራል። ተራው አንቲቦዲ አንድ ዓይነት የቫይረስ መልክ ብቻ ነው የሚያውቀው። ይህኛው ግን ቫይረሱ ሊለውጠው የማይችለውን ቦታ፣ ለምሳሌ ሴሉ ላይ የሚጣበቅበትን እጁን ለይቶ ይይዛል። እጁን ከለወጠ መግባት አይችልምና። በ2009 ከአንድ አፍሪካዊ በጎ ፈቃደኛ ደም ሁለት እንዲህ ያሉ አንቲቦዲዎች ተገኙ። በ2010 የአሜሪካ ተመራማሪዎች «ቪ አር ሲ 01» ያሉትን አገኙ። በቤተ ሙከራ ከቀረቡለት የኤች አይ ቪ ዓይነቶች 90 በመቶ የሚሆኑትን አከሸፈ።

የሚያሳዝነው፣ አንቲቦዲው ለባለቤቱ አይጠቅመውም። እሱ ሰውነት ውስጥ ያለው ቫይረስ ቀድሞ አምልጦታል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ገና ላልተያዘ ሰው ግን ይህ ውሻ ቀድሞ በር ላይ ቢታሰርስ?

ተሞከረ። ከ4,600 በላይ ሰዎች፣ ከግማሽ በጥቂት የሚያንሱት ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ያሉ ሴቶች፣ በየስምንት ሳምንቱ ይህን አንቲቦዲ በደም ሥር ወሰዱ፤ ለንጽጽር የተመደቡት ደግሞ ባዶውን። ውጤቱ በ2021 ወጣ። በጥቅሉ ሲታይ አልተሳካም። ነገር ግን አንቲቦዲው በሚያውቃቸው የቫይረስ ዓይነቶች ላይ ብቻ ሲታይ፣ መያዝን በ75 በመቶ ከልክሏል። ችግሩ በየአገሩ ከሚዞሩት ቫይረሶች እሱ የሚያውቀው ሲሶውን ያህል ብቻ መሆኑ ነበር። ትርጉሙ ግልጽ ነው። አንቲቦዲ ኤች አይ ቪን በር ላይ ማስቆም ይችላል፤ የሚያስፈልገው አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት ነው።

በደም ሥር በየሁለት ወሩ መስጠት ግን ለአገራችን ጤና ጣቢያ የሚሆን ነገር አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ሰውነት ራሱ እንዲሠራው ማስተማር ይቻላል ወይ የሚለው ሆነ። ይህን አንቲቦዲ ወደፊት ሊሠሩ የሚችሉ ሴሎች በአብዛኞቻችን ደም ውስጥ አሉ፤ እጅግ ጥቂት ናቸው እንጂ። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ሴሎች ብቻ የሚቀሰቅስ ክትባት ቀረጹ። በ2022 መጨረሻ በታተመው የመጀመሪያ ሙከራ ከተከተቡት 36 ሰዎች 35ቱ ላይ የተፈለጉት ሴሎች ተነሡ። በሜይ 2025 ደግሞ በሩዋንዳና በደቡብ አፍሪካ በጎ ፈቃደኞች ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት ታተመ፤ እዚያም ተሳካ። ዘዴው ለአሜሪካ ሰው ብቻ ሳይሆን ለአፍሪካም ሰው እንደሚሠራ ታየ።

ልብ በሉ፣ ይህ ክትባት አይደለም። የክትባት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ከፊደል ገበታ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ ንባብ እንደሚሄደው፣ ሴሎቹም በተከታታይ የተለያዩ መርፌዎች ደረጃ በደረጃ መሰልጠን አለባቸው። እስካሁን ያየነው ፊደል ሲቆጥሩ ነው። ጉድለትም አልጠፋም። ከአሜሪካው ሙከራ ተሳታፊዎች 18 በመቶ ያህሉ የቆዳ ማሳከክና ሽፍታ ገጥሟቸዋል፤ ያ መስተካከል አለበት። ቢሆንም ከአርባ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠሪዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ።

አንቲቦዲ ተስፋ ብቻ አለመሆኑን ለሚጠራጠር ደግሞ ኢቦላን ልጥቀስ። በ1995 ኮንጎ ውስጥ ኪክዊት በምትባል ከተማ ኢቦላ ይዞት ከዳነ ሰው ደም፣ ከዓመታት በኋላ አንድ አንቲቦዲ ተለይቶ ወጣ። የኮንጎው ሐኪም ዣን ዣክ ሙየምቤ ከሥራው ባለቤቶች አንዱ ናቸው። በ2018 እና በ2019 ምሥራቅ ኮንጎ ላይ ሲሞከር፣ በቀድሞው መድኃኒት ከታከሙት ግማሽ ያህሉ ሲሞቱ፣ በዚህኛው ከታከሙት የሞቱት 35 በመቶ ነበሩ። በ2020 ፈቃድ አገኘ። አንድ አፍሪካዊ ከሞት ተርፎ ደሙ የሌሎችን ሕይወት አተረፈ። ይህ ተረት አይደለም፤ ተደርጓል።

ገንዘቡ የት ሄደ?

በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ሲያቆም፣ በደቡብ አፍሪካዊቷ ሳይንቲስት ግሌንዳ ግሬይ የሚመራው፣ «ብሪሊያንት» የተባለው የአፍሪካ የኤች አይ ቪ ክትባት ምርምር ኅብረት ሙከራውን ሊጀምር ሲል 45 ሚሊዮን ዶላሩ ተቋረጠበት። አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ራሳቸው የሚመሩት፣ በስምንት አገሮች የታቀደ ሥራ ነበር። በሜይ መጨረሻ ደግሞ በዱክ ዩኒቨርሲቲና በስክሪፕስ ተቋም ያሉት ሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ የክትባት ምርምር ማዕከላት ድጋፋቸው እንደማይታደስ ተነገራቸው። ከላይ የነገርኳችሁ የአንቲቦዲ ሥራ ብዙው የተወለደው በእነዚህ ቤቶች ነው። የሩዋንዳው ውጤት በታተመ በሁለት ሳምንት ውስጥ መሆኑን አስቡት።

ወደ እኛም መጣ። በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። እትዬ «ቀረች» ያሏት አማካሪ ከእነዚያ አንዷ ትሁን አትሁን ማረጋገጥ አልቻልኩም። የቀረችበት ሰሞን ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። የአሜሪካ ሕዝብ ለአርባ ዓመት ከፍሏል። በአገራችን ነጻ መድኃኒት ከ2005 ጀምሮ ሲሰጥ ከጀርባው የማን ገንዘብ እንደነበር እናውቃለን። እትዬ በሕይወት ያሉት በዚያ ምክንያት ነው። የሰው ገንዘብ ለምን ቀረብኝ ብሎ መሳደብ ነውር ነው። መጠየቅ ያለበት ሃያ ዓመት ሙሉ «አንድ ቀን ቢቆምስ?» ብለን ለምን አላሰብንም የሚለው ነው።

«ታዲያ መርፌው መጥቶ የለም እንዴ?»

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ሙግት አለ። በ2024 ሌናካፓቪር የተባለ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ የመከላከያ መድኃኒት በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ተሞክሮ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። ዜሮ! በጁን 2025 አሜሪካ ፈቀደችው፤ በጁላይ የዓለም ጤና ድርጅት መከረበት። «እንዲህ ያለ ነገር እያለ ለክትባት ገንዘብ መጨረስ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ይህን የሚሉት ከንቱ ሰዎች አይደሉም፤ አንዳንዶቹ በሙያው ውስጥ ያሉ ናቸው።

እኔም መርፌው ዛሬውኑ ይምጣ ባይ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ሰው በዓመት 28,218 ዶላር ተተምኗል። ነገር ግን ርካሹን ቅጂ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው አምራቾች ከ2027 ጀምሮ በዓመት 40 ዶላር ገደማ ሊያቀርቡት ተስማምተዋል። ቅጂው ሊሸጥባቸው ከተፈቀዱት 120 አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አለች። የእትዬን የልጅ ልጅ ቀድሞ የሚደርስላት ይሄ ነው እንጂ ክትባቱ አይደለም፤ ይህን አልደብቅም።

ግን መርፌው ክትባት አይደለም። መድኃኒት ነው። በስድስት ወሩ ካልተደገመ መከላከያው ይሳሳል። የሚደግመው ደግሞ ጤና ጣቢያ አለ፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሠራተኛው ደመወዙን አግኝቷል፣ ዕቃው መጋዘን ደርሷል ካልን ነው። ባለፉት ዓመታት ጦርነት ባለበት አካባቢ ስንት ጤና ጣቢያ ተዘርፎ እንደተዘጋ፣ ስንት ሰው መድኃኒቱን እንዳቋረጠ የምናውቅ ሰዎች ነን። የልጅነት ክትባታችንን ግን ማንም ዘራፊ ከክንዳችን ላይ አልወሰደብንም። የክትባት ትልቁ ጉልበት ይሄ ነው። አንዴ ከተጻፈ፣ መንግሥት ቢወድቅ፣ በጀት ቢታጠፍ፣ መንገድ ቢዘጋ ሰውየው ጋር ይቆያል። በ2024 ብቻ 1.3 ሚሊዮን ሰዎች አዲስ በኤች አይ ቪ ተይዘዋል፤ 630,000 ሰዎች ከበሽታው ጋር በተያያዘ ሞተዋል። መድኃኒት እያለ ማለት ነው። ጉድጓዱን እየቀዱ ብቻ መጨረስ አይቻልም፤ ምንጩም መደፈን አለበት።

አቃቂና ወንጂ

መጀመሪያ ተመልካች አልነበርንም ብዬ ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የሚባል ሥራ አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። በ1997 አቃቂ ባለ አንድ የቃጫ ፋብሪካ ሠራተኞችና በወንጂ ስኳር ሠራተኞች መካከል በጎ ፈቃደኞችን መዝግቦ ለዓመታት ይከታተል ጀመር። ያ ዘመን የበሽታው ስም ጮክ ተብሎ የማይጠራበት፣ «ሳንባ ነው» እየተባለ ሰው የሚቀበርበት ዘመን ነበር። በዚያ ጊዜ የፋብሪካ ሠራተኞች ደማቸውን ለምርምር ሰጡ።

ከእነሱ ምን ተገኘ? ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ላይ የሲ ዲ 4 ሴል ቁጥር ከኔዘርላንድሳውያን ያነሰ መሆኑ ታወቀ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለሐኪሞች የአውሮፓን ልክ በኢትዮጵያዊ ላይ ዝም ብሎ መግጠም እንደማይቻል የነገራቸው የኛ ሰው ደም ነው። አገራችን ውስጥ የሚዞረው ቫይረስም በአብዛኛው «ሲ» የሚባለው ዓይነት መሆኑ ተጠና። ይህ ዓይነት በዓለም ካለው ኤች አይ ቪ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። በ2007 የወደቀው የመርክ ክትባት ግን የተሠራው በ«ቢ» ዓይነት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በአሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ የሚበዛው እሱ ነውና። ማዕዱ ላይ ያልተቀመጠ ሰው ወጡ ለእሱ ጣዕም አይሠራለትም።

ከዚያስ? ፕሮጀክቱ ጊዜው አበቃ፣ የውጭ ገንዘቡ አበቃ፣ ክትትሉም አበቃ። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ትልልቅ ሙከራዎች ደግሜ ሳያቸው ደቡብ አፍሪካ አለች፣ ኡጋንዳ አለች፣ ታንዛኒያ አለች፣ ሩዋንዳ አለች። 600,000 ገደማ ዜጎቿ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩባት፣ ቀድማ የጀመረችው አገር ግን የለችም።

«አገሩ ስንት ችግር ባለበት ምርምር ቅንጦት ነው» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ኖቬምበር 2025 ጂንካ ላይ ማርበርግ መግባቱ ሲታወጅ የት ነበርን? ያን ጊዜ ለማርበርግ ፈቃድ ያገኘ ክትባት በየትኛውም አገር አልነበረም። ሐኪሞቻችን የያዙት ገና በሙከራ ላይ ያለ ነገር ነበር። በዚያች ሰዓት ጂንካ ላለ ነርስ የአንቲቦዲ ምርምር ቅንጦት ነው ብላችሁ ንገሩት።

አቅሙም የለም አይባልም። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ከስድሳ ዓመት በላይ የከብት ክትባት ሲያመርት የኖረ፣ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም የሚሸጥ ነው። የክፉ ቀን መነሻ የሆነው፣ በምኒልክ ዘመን በሬ ያሳጣን የከብት ወረርሽኝ በ2011 ከዓለም ጠፋ ሲባል፣ አፋር በረሃ ውስጥ ከብት የከተቡት የራሳቸው የአርብቶ አደሮቹ ልጆች ነበሩ። አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣናችንም በ2025 ከዓለም ጤና ድርጅት ደረጃ ሦስት አግኝቷል። ቤቱ አለ፤ መብራቱን የሚከፍል ነው የጠፋው።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገር እላለሁ።

አንድ፣ መንግሥት ለኤች አይ ቪ መከላከልና ምርምር ከራሱ ካዝና የሚወጣ፣ ስሙ ተጽፎ በምክር ቤት የሚጸድቅ በጀት ይያዝ። በ2001 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና ሊመድቡ ቃል ገቡ። ስብሰባው የተጠራው በዚሁ በሽታ ጉዳይ ነበር። ቃሉን የጠበቁት በጣት ይቆጠራሉ። መጠኑ ትንሽም ቢሆን የራሳችን ይሁን፤ የራስ የሆነ ነገር ከዋሽንግተን በሚጻፍ ደብዳቤ አይቆምም።

ሁለት፣ በዓመት ሁለቴ የሚወጋው መድኃኒት መቼ፣ ስንት፣ ለማን እንደሚመጣ ጤና ሚኒስቴር በግልጽ ይንገረን። ርካሹ ቅጂ በ2027 ሲመጣ ዝግጅት የምንጀምርበት ሳይሆን ጨርሰን የምንጠብቅበት መሆን አለበት። የኮቪድ ክትባትን ማርች 2021 ላይ በልመና ሰልፍ ስንጠብቅ ምን እንደሚሰማ አይተናል።

ሦስት፣ የምርምር ተቋሞቻችንና ዩኒቨርሲቲዎቻችን አፍሪካውያን በሚመሩት የክትባት ምርምር ውስጥ ይግቡ። ተሳታፊው መብቱ ተጠብቆ፣ ተረድቶና ፈቅዶ፣ ውጤቱም ለእሱ ቀድሞ ተነግሮት። የአቃቂና የወንጂ ሠራተኞች የሰጡት ደም ታሪክ ሆኖ መቅረት የለበትም።

አራተኛው ለእኔና ለሙያ ጓደኞቼ ነው። «የኤች አይ ቪ ፈውስ ተገኘ» የሚል ርዕስ በስንት ገጽ ላይ አየን? እኔም ሥራ ስጀምር አንድ የውጭ ዜና ሳላጣራ «ክትባቱ ደረሰ» ብዬ ተርጉሜ አውጥቻለሁ። በማግስቱ አንድ ሰው ደውሎ «መድኃኒቴን ማቆም እችላለሁ?» ሲለኝ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የእኛ ጥድፊያ ሰው ይገድላል። ክኒን የሚወስድ ሁሉ ይህን ይስማ፦ ክትባቱም ሆነ አንቲቦዲው ገና ነው፤ መድኃኒታችሁን ማንም አያስቁማችሁ።

ይህንኑ ለእትዬ በአጭሩ ነገርኳቸው። ክትባቱ አልተበላም፣ አልተደበቀም፤ ፊደል እየቆጠረ ነው፣ አስተማሪው ግን ደመወዙ ተቋርጧል አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና በረካውን እየቀዱ «እንግዲያው ደመወዙን ማን ይክፈል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን ለሚመለከታቸው አሳልፌ እሰጣለሁ።

ቸር ያሰማን።